አልጠየቅሁህም

ይቺን ነገር ከአፌ አውጥቻት አላውቅም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሰው ቀዳዳ ስጠቅም ስውል የራሴንም አፍ አብሬ ጠቀምኩት። ለእናቴ ልጅ አልነገርኩም። ለሼሁ አልነገርኩም። ግንባሬን መሬት ደፍቼ ሱጁድ ላይ ሆኜ እንኳ በስሟ ጠርቼ ለአላህ አልነገርኩትም። እሱማ ያውቃል እያልኩ። ያውቃል እንጂ! ግን ባሪያው በገዛ አንደበቱ እንዲያወጣው አይጠብቅም?

ጎረቤቴ አስካለ በየዓመቱ ግሸን ማርያም ወጥታ ትመለሳለች። እግሯ አብጦ፣ ፊቷ ግን በርቶ ነው የምትመጣው። የነፍስ አባት አላት፤ ትነግራቸዋለች፣ ቀኖና ይሰጧታል፣ ይቀላታል። እኛ ዘንድ እንዲህ የለም። ሼሁ ሲያስተምሩ በደል ሁለት ነው ይላሉ፤ የአላህ አለ፣ የሰው አለ። አላህ የራሱን ሊምር ይችላል፤ የሰውን ሐቅ ግን «ሂድና ከባለቤቱ ጨርስ» ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ከባለቤቷ መጨረስ አቃተኝ። ስለዚህ ለዛሬ እናንተ የነፍስ አባት ሁኑኝ። አስካለ ብትሰማኝ «አንቺ ዘይነባ፣ መቼ ነው ደግሞ ክርስትና የተነሣሽው?» ብላ ትስቅብኝ ነበር። ትሳቅብኝ።

ሱቄ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ነው፤ ከደሴ ወልድያ ከሚወስደው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ። ከፊት የስፌት መኪናዬ፣ ከኋላ መኖሪያዬ፤ መሐከሉን የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። ያን መጋረጃ አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሌላዋ ሴት ወርቅ ትወዳለች፤ የእኔ አመል ሰዓት ነው። የእጅ ሰዓት፤ ያውም የድሮው፣ በየጠዋቱ ጠምዝዘው ካልሞሉት የሚያኮርፈው። «ሴት ልጅ የወንድ ሰዓት ምን ያደርግላታል?» ያላለኝ የለም። ቁራሌዎቹ ግን ያውቁኛል። በየመንደሩ ዞረው የተሸነቆረ ድስትና አሮጌ ጫማ ለቃቅመው ሲመለሱ፣ ከመሐል የቆመች ሰዓት ከተገኘች መጀመሪያ የሚያሳዩት ለእኔ ነው። እቀበልና ጆሮዬ ላይ አደርጋታለሁ፣ ነቅነቅ አደርጋታለሁ፣ እንደ ሕፃን አባብላታለሁ። እምቢ ካለች ደሴ ድረስ ሄዳ ታክማ ትመጣለች። ከዚያ በብስኩት ጣሳዬ ውስጥ በከፋይ ቁራጭ ላይ አስተኛታለሁ።

ሰብስቤ ምን አደርጋቸዋለሁ? ለምወደው ሰው አስራለሁ። እሰጣለሁ አላልኩም፣ አስራለሁ ነው ያልኩት። ማሰሪያዋን የምሠራው እኔው ነኝ፤ ወፍራም ሸራ ቆርጬ፣ በቢጫ ክር፣ ሁለት ወደ ፊት አንድ ወደ ኋላ እያልኩ በእጄ እሰፋዋለሁ። ሌላ ሰው እንዲህ አይሰፋም፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ግን አይተረተርም። ከዚያ የሰውየውን እጅ ይዤ ራሴ አስርለታለሁ። ለአስካለ አስሬላታለሁ፣ ግሸን ስትወጣ ብቻ ነው የምታደርጋት። ለመስጊዳችን ሙአዚን አስሬላቸዋለሁ። ሰርግ ከተደገሰ፣ ልጅ ትምህርት ከጨረሰ፣ ዘይነባ ጣሳዋን ይዛ መጣች ነው። «ማሻአላህ፣ እጀ ሰፊ!» ይሉኛል፤ ሙያዬንም ለጋስነቴንም በአንድ አፍ ማመስገናቸው ነው።

ሙያው ልክ ነው፣ ለጋስነቱ ውሸት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ሰጥቼ አላውቅም። በሰው እጅ ላይ አስቀመጥኳቸው እንጂ ከልቤ ለቅቄያቸው አላውቅም። ከሰው ጋር ሰላም ስባባል ዓይኔ ከፊቱ በፊት እጁ ላይ ነው የሚያርፈው። አለች? ትሠራለች? ቧጥጧት ይሆን? ያሰርኩለት ሰው ሲሞት እንኳ፣ አላህ አውፍ ይበለኝ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ «ሰዓቷ ማን እጅ ገባች ይሆን?» እላለሁ። ይህን አመሌን አውቀው ነበር። አውቄ ስስቅበት ነበር የኖርኩት።

ይመር የታላቅ እህቴ የሉባባ ልጅ ነው። አንድ ለእናቱ። እታለም ሉባባ ባሏ ሲሞትባት ልጇን አዝላ እኔ ግቢ ገባች፤ እኔ አልወለድኩም፣ ሁለት ሆነን አሳደግነው። ለውጥ መጣ ተብሎ አገሩ ሁሉ በደስታ ሲሰክር ይመርም ባጃጅ መንዳት ጀምሮ ነበር። ከአስፋልቱ እስከ ሐይቁ ዳር ሰው ሲያመላልስ ይውላል፤ በሱቄ በር ባለፈ ቁጥር ጡሩምባውን ይነፋል። «አክስቴ፣ ዘንድሮ ሁሉ ነገር ሊስተካከል ነው!» ይለኛል ከውጭ እየጮኸ። ያን ሰሞን ያላመነ ማን አለ? እኔም አመንኩት።

በዚያው ሰሞን ከጣሳዬ ውስጥ አንደኛዋን መርጬ አሰርኩለት። ነጭ የነበረ ፊቷ ዘመን በልቶት ሻይ የመሰለ፣ የስድስት ቁጥሯ ግማሹ የጠፋ፣ ድምጿ ግን ማዶ የሚሰማ። ሳስርለት እጄ ተንቀጠቀጠ። ልጁ በፍቅር መስሎት አቀፈኝ። ስስት ነበር። ላሳደገው ልጅ ሰዓት ሰስቶ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይታችኋል? ይኸው እኔ አለሁ። ከዚያ በኋላም እረፍት አልሰጠሁትም፤ «ዛሬ ሞልተሃታል?» ነው ጠዋት ጠዋት። እናቱ ትስቅብኛለች፤ «ልጄን ቁርስ በላህ ወይ ብለሽ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ አንቺ?» ትለኝ ነበር።

ከዚያ ነገሩ እንደተባለው አልሆነም። መጀመሪያ ወሬው ከሩቅ መጣ፣ ቀጥሎ ተፈናቃዩ፣ ቀጥሎ ድምፁ። በወልድያ በኩል የሚያጓራው ከባድ መሣሪያ አንድ ቀን ከአምባሰል ተራሮች ጀርባ ሆኖ ተሰማ፤ የሱቄ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ወደ ደረቅ ጎትተው ጠፉ፣ ሐይቁ ባዶውን ተኛ። ክተት ሲባል ይመር ባጃጁን ሸራ አልብሶ ሊሄድ ተነሣ።

እኛ አገር ሰው መንገድ ሲወጣ አውፍ ይባባላል። የሚሄደው «አውፍ በሉኝ» ይላል፤ የሚቀረው «አውፍ ብያለሁ፣ አንተም አውፍ በለኝ» ይላል። ለምኑ? ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጠየቅ ነውር ነው፤ ይቅርታን እንደ መቸርቸር ይቆጠራል። ይመርም በሩ ላይ ቆሞ «አውፍ በይኝ አክስቴ» አለኝ። አውፍ ብያለሁ አልኩት። ከዚያ ምን ብጨምርበት ጥሩ ነው? «በየጠዋቱ መሙላቷን እንዳትረሳ።» ጦር ሜዳ ለሚሄድ ልጅ የመጨረሻ ቃሌ ይቺ ነበረች። እሱም ሣቅ ብሎ እጁን ከፍ አድርጎ ሰዓቷን አሳየኝና ሄደ።

ታጣቂዎቹ ከተማዋን ሲይዟት ግማሹ ሰው ወደ ደሴ፣ ከደሴም አልፎ ሸሽቶ ነበር። አስካለም ልጆቿን ይዛ ሄደች። እታለም ግን አሻፈረኝ አለች። «ይመሬ ሲመጣ ቤቱ ተዘግቶ ይጠብቀው? አልሄድም!» አለች። እሷን ጥዬ አልሄድ ነገር፣ ቀረሁ። መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ወፍጮ የለ። እሷ ደግሞ ትኩሳት ያዛትና ከመጋረጃው ጀርባ ወደቀች። እኔ ቀን ቀን በሬን ገርበብ አድርጌ መኪናዬ ጋ እቀመጣለሁ። ልብስ ሰፊን የሚጠላ ጦር የለም፤ ሱሪው የማይቀደድ ወታደር አልተፈጠረም። ይመጣሉ፣ እጠቅምላቸዋለሁ፣ ይሄዳሉ።

ግድግዳው ላይ የይመር ካፖርት ተሰቅሏል። እታለም ጨርቁን ከደሴ አስመጥታ «ሲመለስ ብርድ መትቶት ይሆናል፣ ሞቅ ያለ አድርገሽ ስፊለት» ብላኝ የሰፋሁት ነው። ልኩን በቃሌ ስለማውቀው ሜትር እንኳ አላስፈለገኝም። የቀረው ቁልፍ መትከል ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አንድ ልጅ ብቻውን መጣ። ልጅ ያልኩት ልጅ ስለሆነ ነው፤ ጢሙ በቅጡ አልበቀለም፣ ጠመንጃው ከብዶት ትከሻው ወደ አንድ ጎን ዘሟል። «እንዴት ዋልሽ እናቴ» አለና ብብቱ ላይ የተቀደደ ጃኬቱን አቀበለኝ። ሲያቀብለኝ እጁ ተዘረጋ። ዓይኔም እንደ አመሉ እጁ ላይ አረፈ።

ቢጫ ክር። ሁለት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ።

የገዛ ስፌቴን አላውቀውም? ከማሰሪያው በላይ ያቺ ሻይ የመሰለች ፊት፣ ያቺ ግማሽ ስድስት። ትሠራ ነበር። ማንም ይሙላት ማን፣ ያን ጠዋትም ሞልቷታል።

እዚህ ጋ በደንብ ስሙኝ፤ እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ለዚህ ነው። የይመርን ሰዓት በሌላ ሰው እጅ ላይ ሳይ መጀመሪያ ምን ተሰማኝ? ሐዘን? አይደለም። ድንጋጤ? እሱ ቆይቶ ነው የመጣው። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ወላሂ፣ ደስታ! አልጠፋችም፣ ተገኘች አልኩ በልቤ። ልጁን ከማሰቤ በፊት ሰዓቷን አሰብኩ። በጀርባዬ ያዘልኩት፣ ገላውን ያጠብኩት፣ ጥርሱ ሲበቅል አብሬው ያደርኩት ልጅ የት ወደቀ ሳልል፣ «እንዴት አድርጌ ላስመልሳት?» አልኩ። ምን ዓይነት ልብ ነው ይሄ? ከየት አመጣሁት? እናታችን እንዲህ አልነበረችም።

ጃኬቱን ሰፋሁለት። ያን ጊዜ ግን እጄ አልተንቀጠቀጠም። ስጨርስ «ሰዓትህ አሮጌ ናት፣ ምን ታደርግልሃለች? እኔ እንዲህ ዓይነት እወዳለሁ» አልኩት፤ እየሣቅሁ፣ ገበያ መሐል እንዳለሁ። ልጁ ሰዓቷን አየት አደረገ፣ ከዚያ ግድግዳውን አየ። «ያን ካፖርት ከሰጠሽኝ እሰጥሻለሁ። ተራራው ላይ ብርዱ አልቻልነውም» አለኝ።

አወረድኩለት። ቁልፍ አልነበረውም ብያችሁ የለ? ቁጭ በል አልኩትና አንድ በአንድ ተከልኩለት። እህቴ ለልጇ ባስመጣችው ጨርቅ ላይ፣ ልጇ በሌለበት፣ ለማላውቀው ሰው ቁልፍ ተከልኩ። ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። ከመጋረጃው ጀርባ እታለም በትኩሳቷ ውስጥ ታቃስታለች።

ሰዓቷን ሊፈታ ሲል እጁን ገታ አደረገ። ፊቱ ተለወጠ፤ የከበደውን ነገር ሊያወርድ የፈለገ ሰው ፊት ነበር። ዛሬ ዛሬ ሳስበው እሱም የሚሰማው ሰው ፈልጎ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የዚች ሰዓት ባለቤት እኮ፣ እናቴ፣ ወንዙ ጋ…» አለ።

«አልጠየቅሁህም» አልኩት።

አፉን እንደከፈተ ቀረ፣ ከዚያ መልሶ ገጠመው። ሰዓቷን መዳፌ ላይ አደረገልኝ፤ የእጁ ሙቀት ገና አልለቀቃትም። «እሺ እናቴ» አለና የይመርን ካፖርት ለብሶ ወጣ። አስፋልቱን ተሻግሮ እስኪሰወር በበሩ ስንጥቅ አየሁት። ልክክ ብሎበት ነበር።

አልጠየቅሁህም። ለምን እንዲህ አልኩ? ሰበብማ ሞልቶኛል። እታለም ታማ ተኝታለች፣ እንዳትሰማ ብዬ ነው ልል እችላለሁ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ፊት ፈርቼ ነው ብል ማን ይፈርድብኛል? ለራሴ ይህንኑ ስነግር ከርሜያለሁ። ግን አልፈራሁትም፤ የሚፈራ ልጅ አልነበረም። እታለምንም ያን ጊዜ አላሰብኳትም። ያሰብኩት ሌላ ነው። ቃሉን ከጨረሰ ሰዓቷ ሰዓት መሆኗ ሊቀር ነው። ደረት መምታት፣ ኡኡ ማለት፣ ካፖርቱን ከእጁ መንጠቅ ሊመጣ ነው። እኔ የፈለግኩት ሰዓቷን ብቻ ነበር። ስለዚህ የልጁን አፍ ዘጋሁት።

ያን ዕለት ማሰሪያውን ተረተርኩት። ቢጫውን ክር መዝዤ ከሸራው ጋር ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ሰዓቷን ከጣሳው ሥር፣ ከከፋዩ በታች አስገባኋት። ድንጋጤው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መኪናዬ ሥር ተቀመጥኩ። ተነሥቼ ልጁን ፍለጋ ልወጣ እችል ነበር፣ ከተማዋ ትንሽ ናት። አልወጣሁም። እታለም ትኩሳቱ ሲለቃት ተነሣችና ባዶውን ግድግዳ አየች። «ካፖርቱስ?» አለችኝ። «ዘረፉን» አልኳት። «አብሽሪ፣ ጨርቅ ነው። ዋናው እሱ ይምጣልኝ» ብላ እኔኑ አጽናናችኝ።

ከተማዋ ስትለቀቅ ሰው ተመለሰ፣ አስካለም መጣች። ከዘመቱት አንዳንዱ በእግሩ፣ አንዳንዱ በወሬ ተመለሰ። የይመር ግን ወሬውም አልመጣም። ከላይ ሰፈር አንድ አባት ልጃቸው የወደቀበትን ያየ ሰው «ከሾላው ሥር» ብሏቸው፣ ሄደው አፈር ገልጠው አምጥተው ቀበሩ። ክርስቲያኑም እስላሙም ወጣ። እኔም ሄድኩ፣ እንባ ግን እምቢ አለኝ። «ከሾላው ሥር» የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ትመታለች። ለአባትየው የበቃችው እሷ ናት፣ ሁለት ቃል! እኔ «ወንዙ ጋ» የምትል ይዤ ቀረሁ። የትኛው ወንዝ? ከዚህ እስከ ወልድያ ስንት ወንዝ አለ! ወንዙ ጋ ምን? ወድቋል? ቆስሎ ነበርና ውሃ አጠጣሁት? ሰዓቱን ሰጥቶኝ ተሻገረ ሊለኝ ነበር? ይመር መሞቱን እንኳ አላውቅም። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ የደበቅሁት ሞት ቢሆን አንድ ነገር ነበር፣ እኔ ግን መታወቅ የሚችለውን ነገር ነው ያጠፋሁት።

ሽማግሌዎቹ እታለምን «ሰደቃ እናውጣለት፣ በሩቅ እንስገድበት» ቢሏት በምርኩዟ አባረረቻቸው። «በቁሙ ባለ ልጅ ላይ አይሰገድም!» አለች። ሞቶ ከሆነ ያለ ሰላት ቀርቷል። ኖሮ ከሆነ ፈላጊ አጥቷል። በሁለቱም መሐል ያለሁት እኔ ነኝ። እሷ ግን ከወልድያ የሚመጣ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር አስፋልቱ ዳር ትወጣለች። በፊት የሚወርደውን ሁሉ በዓይኗ ታይ ነበር፤ ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ በጆሮዋ ማዳመጥ ጀመረች። ረዳቶቹ ያውቋታል። «እማ ሉባባ፣ ዛሬም የለም» ይሏታል ድምፃቸውን አለስልሰው።

እኔም አመሌ ጠፋ። ቁራሌዎቹ ሰዓት ሲያመጡልኝ «ይዛችሁት ሂዱ» እላለሁ። ሰርግ ቤት ባዶ እጄን ስሄድ ሰው ይተያያል። የአስካለ ማሰሪያ ቢበጠስ በጥቁር ክር ሰፋሁላት፤ «ቢጫው አለቀ እንዴ?» አለችኝ፣ አዎ አለቀ አልኳት። ብርድ ሲመጣ ደግሞ የሰው ካፖርት አያለሁ። አንድ ቀን ሰልባጅ ከሚቸረቸርበት ክምር ውስጥ እሱን የመሰለ አየሁ። ገለበጥኩት፣ የቁልፉን ክር አየሁ። የእኔ እጅ አልነበረም። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅሁም።

ልነግራት ስንት ጊዜ ተነሥቻለሁ! ግን ምን ብዬ? «ልጅሽ ሞቷል» ልበላት? አልጠየቅሁም። «ልጅሽ አለ» ልበላት? አልጠየቅሁም። ያለኝ እውነት፣ ሊነግረኝ የመጣውን ዝም አሰኘሁት የሚል ብቻ ነው። ይህንን ለእናት እንዴት አድርገው ይነግሩታል?

አምና ዓይኗን ለመታየት ደሴ ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆመች። «ዘይኑ፣ አውፍ በይኝ» አለችኝ። አውፍ ብያለሁ አልኳት። «አንቺም አውፍ በይኝ፣ እታለም» አልኩና እጇን ያዝኩ። በአላህ ይሁንብኝ፣ ያን ቀን ልናገር ነበር። «የበደልኩሽ ነገር…» ብዬ ስጀምር በመዳፏ አፌን ያዘችኝ። «አልጠይቅሽም» አለች። «የማውቀውንም የማላውቀውንም አውፍ ብያለሁ። ምን እንደሆነ አልጠይቅሽም።»

ያቺው ቃል! ከእኔ አፍ ወጥታ ዞራ በእሷ አፍ መጣችብኝ። ዘግንኖኝ እጇን ለቀቅሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ያን ቀን ሰምታኝ ይሆን? እላለሁ አንዳንዴ። ብትሰማማ ምን ነበረበት! ታውቃለች ብዬ ባምን ግማሹ ሸክም በወረደልኝ። ግን አታውቅም፣ ራሷን አታውቅም ነበር ያን ቀን። እና ያላወቀችውን ሐቅ እንዴት ትተውልኛለች? ሳይጠይቁ የሰጡት አውፍ ይደርሳል? ሼሁን ልጠይቅ ደጃቸው ደርሼ ጫማዬን ሳላወልቅ ተመለስኩ። ለመጠየቅ አልታደልኩም።

ዓይኗ ብዙም አልበራላትም። ከደሴ እንደተመለሰች «ጠዋቱም ምሽቱም አንድ ሆነብኝ። ድምፅ ያላት ሰዓት እሰሪልኝ፣ ሰላቴን ልወቅበት» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ በአመሌ ስትስቅ የኖረች ሴት! ጣሳውን ፊቷ አደረግሁላት። አንድ አንዷን እያነሣች ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፤ «ይቺ ፈዛዛ ናት» እያለች ትመልሳለች። እጄ ከከፋዩ በታች ገባ። የይመርን ሰዓት አወጣሁ፣ ሞላሁ፣ ጆሮዋ ላይ አደረግሁ። «እሰይ! ይቺ ሰው ናት» አለች። አዲስ ማሰሪያ በነጭ ክር ሰፍቼ አሰርኩላት። ሐቁን ለባለቤቱ መመለሴ ነው፤ የሰረቀውን በአጥር ወርውሮ እንደሚሮጥ ሌባ። አስካለ አይታ «እህት ማለት እንዲህ ናት!» ብላ መረቀችኝ።

የእታለም ጣቶች በቁርጥማት ደርቀዋል፣ መሙያዋን ማዞር አይችሉም። ስለዚህ በየጠዋቱ ከሱብሒ ሰላት በኋላ መሬቱን በምርኩዟ እየነካካች ወደ ሱቄ ትመጣና እጇን ትዘረጋልኛለች። «ሙይልኝ፣ ዘይኑ።» እሞላለሁ። ዛሬም መጣች። ስሞላላት ጆሮዋን አዘንብላ ስታዳምጥ ቆይታ «ይመሬ ሰዓቱ ጠፍታበት ይሆናል። ሲመጣ ይቺን ከእኔ ፈትተሽ ለሱ ታስሪለታለሽ፣ እሺ?» አለችኝ። እሺ እታለም፣ አልኳት። ተመርኩዛ ወደ አስፋልቱ ሄደች።

ሰማችሁ። አውፍ በሉኝ ብዬ አይደለም የነገርኳችሁ፤ አውፍማ ሞልቶልኛል፣ እህቴ ሳትጠይቅ ሰጥታኛለች፣ እሱው ነው የሚያቃጥለኝ። እናንተ ግን አትቸኩሉ። ለምን ብላችሁ ጠይቁኝ። መልሱን ነግሬያችኋለሁ፤ ለሰዓት ነው። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም፣ ቢኖረኝም አታምኑኝ።

አንተም፣ ያ ካፖርት ለባሽ፣ በሕይወት ካለህ፣ ቁልፎቹ ገና አልተነቀሉ ከሆነ፤ ያቺ እናቴ ያልካት ሴት ነኝ። ሱቄ እዚያው ነው፣ በሬ ክፍት ነው፣ መጋረጃውን አንስቼዋለሁ። ከመጣህ እታለምን ጎኔ አስቀምጬ ነው የምሰማህ። ወንዙ ጋ ምን? አሁን ጠየቅሁህ።